ጋሽ ቀንስና የልብስ ሰፊዋ ታፔላ

ሱቅ ባለበት መንገድ ሁሉ አንድ አማካሪ አይጠፋም። የራሱ ሱቅ የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት መርፌ እንኳ ሸጦ አላየም። ሌላው ሰው እንዴት መሸጥ እንዳለበት ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ታፔላ ካየ ይቆማል፤ ከቆመ ያነባል፤ ካነበበ ራሱን ይነቀንቃል። አንዴ ራሱን ከነቀነቀ ባለሱቁ አለቀለት፤ የዚያን ዕለት ሥራው ይቀርና ትምህርት ይሆናል።

በዚህ መንገድ ላይ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ጋሽ ቀንስ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ የለም። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆነው ፀጉራቸው እስኪሸብት ሠርተዋል። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ቀይ ብዕራቸውን በኮታቸው የደረት ኪስ ሰክተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ በግላቸው ነው የሚሠሩት። ለጠየቃቸው ሁሉ፣ ይልቁንም ላልጠየቃቸው፣ ታፔላ ያርማሉ፤ በየመስኮቱ የሚለጠፈውን ወረቀት ይጽፋሉ፤ ባለሱቆች በስልካቸው የሚያወጡትን ማስታወቂያ ያሳጥራሉ። ምክራቸው አንድ ብቻ ነው፤ ለወንድ «ቀንስ»፣ ለሴት «ቀንሺ»፣ በሽርክና ለሚሠሩ «ቀንሱ»። ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ነው።

ስሙ የወጣላቸው ቀን ወደ ጫማ ሻጩ ሱቅ ይገባሉ። መስታወቱ ላይ ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ የተሞላ ወረቀት ተለጥፏል። ጋሽ ቀንስ ጣታቸውን ወደዚያ ቀስረው «ቀንስ» ይላሉ። ሻጩ ከወረቀቱ ሥር የተደረደረውን ጥቁር ጫማ ያይና፣

«ለእርስዎ ስል ትንሽ እቀንሳለሁ፣ አባቴ» ይላል።

«ትንሽ ምን ያደርጋል? ግማሹን ቀንስ።»

«ኧረ አያዋጣኝም።»

«የሚያዋጣህማ እሱ ነው።»

ሻጩ ላብ በላብ ሆኖ፣ ዋጋውን ከገዛበት በታች አውርዶ፣ ጫማውን በካርቶን ጨምሮ ሲያቀብላቸው ጋሽ ቀንስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። «እኔ ጫማ አለኝ፤ ቀንስ ያልኩህ ቃሉን ነው» አሉት።

ፀጉር አስተካካዩም አላመለጠም። በሩ ላይ «ዘመናዊ የወንዶች ውበትና የፀጉር እንክብካቤ ማዕከል» የሚል ታፔላ ነበረው። ጋሽ ቀንስ ወደ ውስጥ አንገታቸውን አስግገው፣ «ማዕከል የምትለው ይቺን አንድ ወንበር ነው?» አሉት። ዛሬ ታፔላው ላይ የቀረው «ፀጉር» ብቻ ነው። «ዊግ ትሸጣለህ ወይ የሚለኝ ሰው በዛ» እያለ ያማርራል፤ ግን አልቀየረውም። ለመጠየቅም ቢሆን ሰው ይገባል፤ የገባ ሰው ደግሞ መስታወት ፊት ሲቆም ፀጉሩ ማደጉ ትዝ ይለዋል።

ጋሽ ቀንስ የራሳቸውን ማስታወቂያ ግን መጻፍ አልሆነላቸውም። አንዴ ካርድ ለማሳተም አስበው ስለ ሥራቸው የሚናገር አንድ ገጽ ጻፉ። አነበቡት፤ ቀነሱት፤ እንደገና አነበቡት። ሙያቸውን «ሲያዩኝ ይገባቸዋል» ብለው አወጡት፤ ስማቸውን «ሲደውሉ እነግራቸዋለሁ» ብለው ሰረዙት። በመጨረሻ ነጭ ካርድ ላይ የስልክ ቁጥር ብቻ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ከቁጥሩም ላይ አንዷን ለመቀነስ ሳያስቡ አልቀሩም ይላል። ካርዱ የደረሰው ሰው የማን እንደሆነ አያውቅም፤ የማያውቁት ሰው ጋ ደግሞ ማን ይደውላል? ስልካቸው ዝም እንዳለ ነው የሚውለው። ይህን ያህል ሰው እንዲታይ ሲደክሙ የኖሩ ሰው፣ ስለ ራሳቸው አንድ ቃል ለማስቀመጥ ግን ያፍሩ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ከእጃቸው አምልጣ የቆየችው በስፒል ነው። ሱቋ መንገዱ ከሚታጠፍበት ጥግ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ ካውያዋ ከበሩ ጀርባ፣ ሜትሯ ሁልጊዜ አንገቷ ላይ። ስትለካም ስትሰፋም ስፒሉን በከንፈሯ ደርድራ የመያዝ ልማድ አላት፤ አፉ ስፒል የሞላ ሰው ደግሞ አይከራከርም። ጋሽ ቀንስ በበሩ ሲያልፉ ታፔላዋን አንብበው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ኧረ ቀንሺ፣ እህቴ» ይሏታል። እሷም «እምም» ትላቸዋለች። ያልፋሉ።

ኋላ ከመንገዱ ማዶ ቡቲክ ተከፈተ። ጨርቅ ይዞ መጥቶ፣ ተለክቶ፣ ሳምንት ጠብቆ ልብስ ያሰፋ የነበረ ሰው ሁሉ እዚያ ገብቶ በአንድ አፍታ ለብሶ መውጣት ጀመረ። የልብስ ሰፊዋ ሥራ እያደር ሳሳ። መጀመሪያ የበዓል ልብስ ቀረ፣ ቀጥሎ የተማሪ ዩኒፎርም፣ በመጨረሻ የሚመጣው የወለቀ ቁልፍ ብቻ ሆነ።

ልጇ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። «እማዬ፣ መኪናውን ሽጪውና እኛ ጋ ነይ። ልጆቹ ይወዱሻል፤ ምን ይጎድልብሻል?» ትላታለች። ምንም አይጎድልባትም፤ ችግሩም እሱ ነው። በየዕረፍት ቀኑ ልጇ ቤት ስትሄድ መስኮት አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ያስቀምጧትና «አትነሺ» ይሏታል። ውኃ ያመጡላታል፤ ትራስ ይደግፉላታል። እሷ ጭኗ ላይ የተቀመጡትን ሁለት እጆቿን ታያለች፤ የሌላ ሰው ዕቃ አደራ የተቀበለች ይመስላታል። ሞትን እንደዚያ ወንበር አትፈራውም ነበር። ቢሆንም ልጅ ስትለምን ጨክኖ እምቢ ማለት ይከብዳልና ተስማማች፤ ክረምቱ እስኪወጣ ሥራ ካልመጣ መኪናው ይሸጣል፣ እሷም ትሄዳለች።

ዝናብ በሚያካፋበት አንድ ጠዋት ጋሽ ቀንስ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆመው «ቀንሺ» ሊሉ ሲሉ አፏ ባዶ ሆኖ አዩት። ደነገጡ።

«ስፒሉስ?»

«ለማን ልያዘው፣ ጋሼ?»

ሳይጋበዙ ገብተው ተቀመጡ። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቡቲኩን፣ ልጇን፣ ወንበሩን። ጋሽ ቀንስ ሲሰሙ አንድም ጊዜ አላቋረጧትም፤ ይህ ደግሞ በሕይወታቸው ታይቶ የማይታወቅ ነው። ስትጨርስ ጃንጥላቸውን ዘረጉና «ነይ፣ ውጪ። ታፔላሽን እንየው» አሉ። ሐኪም በሽተኛ ሲጠራ በሚያወጣው ድምፅ ነበር ያሉት።

ታፔላው «የወንድ፣ የሴትና የልጆች ልብስ በጥራት፣ በፍጥነትና በተመጣጣኝ ዋጋ ይሰፋል። እንኳን ደህና መጡ» ይላል። ጋሽ ቀንስ ከጭራው ጀመሩ።

«መጡ እንዴ?»

«አልመጡም።»

«ሲመጡ በአፍሽ ትያቸዋለሽ። ቀንሺ። በተመጣጣኝ ዋጋ? ዋጋዬ አይመጣጠንም ብሎ የጻፈ ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ምንም አላልሽም ማለት ነው። ቀንሺ። በጥራትና በፍጥነት? ሁለቱ አብረው አይሄዱም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ሳቀች። ከሳቀች ሰንብታ ነበር።

«የወንድ፣ የሴት፣ የልጆች። ማን ቀረ? ቀንሺ። ልብስ…»

«ጋሼ፣ ልብስ የሚለውን እንኳ ይተዉልኝ።»

«መኪናው በመስኮት ይታያል እኮ። ድንኳን ይሰፋል ብሎ የሚመጣ አለ?»

እሷ ጃንጥላው ሥር ሆና ታፔላዋን ቀና ብላ አየችው። ቅስሙ የተሰበረ ሰው ለአንድ ቃል አይሟገትም። «እንዳሉት ይሁን» አለች።

ታፔላ ጸሐፊው ዘንድ የቀረው ቀለም ቀይ ብቻ ነበር። ጋሽ ቀንስ ቀዩን ወደዱት። ነጭ ሰሌዳ ላይ፣ ከመንገዱ ወዲያኛው ጫፍ በሚነበብ ፊደል፣ «ይሰፋል» ተብሎ ተጻፈ። አራት ነጥቡንም ቀነሱት። አሮጌው ታፔላ ወርዶ አዲሱ የተሰቀለው በዕረፍት ቀን ነው፤ ሱቁ ዝግ፣ መጋረጃው የተጋረደ፣ ልብስ ሰፊዋ ልጇ ቤት ወንበሩ ላይ። ጋሽ ቀንስ መሰላሉ ሥር ቆመው እስኪጠናቀቅ ጠበቁና ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። ባለፈው ዓመት ከድልድዩ ማዶ ያለው መንገድ እንዲሰፋ ተወስኖ፣ ዳር ዳር ያሉት ሱቆች ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎባቸው ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ፈረሱ። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ ላይ ቀይ ቀለም ያየ ባለሱቅ ይደነግጣል።

በዚያ የዕረፍት ቀን አመሻሹ ላይ ፀጉር አስተካካዩ በጥጉ ሲያልፍ የልብስ ሰፊዋ በር ተዘግቷል፤ የድሮው ታፔላ የለም፤ ከበሩ በላይ ቀይ ቃል አለ። ቃሉን አላልቶ አነበበው። «መንገዱ ይሰፋል» አለ፤ «እሷማ ወጥታለች።» ለጫማ ሻጩ ነገረው። ጫማ ሻጩ ለባለቡቲኩ ነገረው። ባለቡቲኩ መጥቶ በዓይኑ አየ። ወሬው እንቅልፍ ሳይወስደው አደረ።

ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ከልጇ ቤት ስትመለስ መንገዱ ተተረማምሷል። ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ወጥቶ መስታወቱን እየፈታ ነው። ጫማ ሻጩ ካርቶን እየቆለለ ነው። ባለቡቲኩ ደጁ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ልብሱን ክምር አድርጎ፣ በተገኘው ዋጋ እየሸጠ ነው፤ ሰው ተጋፍቶ ይገዛል። እሷ ሌላውን ሁሉ ልብ አላለችም፤ ያየችው ግፊያውን ብቻ ነው። «በቃ፤ ዛሬ ጨርሶ ወሰዳቸው» አለችና ቀና ብላ ታፔላዋን እንኳ ሳታይ ገባች። የልጅ ልጇን ቀሚስ ለማሳጠር አውጥታ ስፒሎቹን በከንፈሯ ደረደረች። ከማልቀስ ይሻላል ብላ ነው።

ባለቡቲኩ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ።

«እህቴ፣ እውነት ይሰፋል?»

ቃሉን አላልቶ ነበር የጠራው፤ የእሷ ልብ ግን እዚያ አልነበረም። የሚጠይቃት ስለ ታፔላዋ መሰላት። «እምም» አለች።

«ያለቀለት ነገር ነው?»

«እምም።»

«መቼ ነው የሚጀመረው?»

አፏ አይከፈትም፤ በእጇ መኪናውን አሳየችው፤ አሁኑኑ፣ ከፈለግህ ቁጭ በል ማለቷ ነበር። ሰውዬው ራሱን ይዞ ወጣ፤ ዋጋውንም እንደገና ቀነሰ። ለካ ሳይለካ የሚገዛ ሰው ያኔ ነው የሚታየው። እጅ የደረሰበትን ሱሪ፣ ቀሚስ፣ ኮት እየነጠቀ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን ታቅፎ ሊሰናበታት መጣ። «እንግዲህ አብረን ኖረን ነበር። አንቺስ ወዴት ልትገቢ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን አወጣች። «የት እገባለሁ?»

«መንገዱ ሲሰፋ ነዋ።»

«የቱ መንገድ?»

በአገጩ ከበሩ በላይ አሳያት። ወጥታ ቀና አለች። መጀመሪያ አጥብቃ አነበበችው፤ ሥራዋ ነው። ቀጥላ አላልታ አነበበችው። የበሩ ደፍ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ነገሩ የገባው ሁሉ እየተከተለ ሳቀ፤ ያልሳቀው ባዶ መስቀያዎቹ መሐል የቆመው ባለቡቲክ ብቻ ነበር።

ጋሽ ቀንስ ወሬውን ሻይ ቤት ሰሙ። መጥተው ከመንገዱ ማዶ ቆሙ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ፣ የራሳቸውን አንዲት ቃል ደጋግመው አነበቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እንደያዙት፣ ወደ መጡበት ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በመንገዱ አልታዩም።

በማግስቱ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሱሪ በክንዱ ይዞ ገባ። «ትናንት ማዶ ገዝቼው ነበር፤ ቁልፉ አልገናኝ አለኝ። ከዚያ ልመልሰው ስወጣ ‹ይሰፋል› የሚለውን አየሁ» አላት። ስፌቱን ፈታች፤ ታጥፎ የተቀመጠ ትርፍ ጨርቅ አለው። ሰፋለት። እሱ ሳይወጣ ሌላ መጣ፤ ብብቱ የያዘው ኮት፣ ወገቡ ላይ የቀረ ቀሚስ። ሳይለካ የገዛ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዶ ለክቶ፣ ደንግጦ፣ ተመልሶ ቀዩን ቃል ያነባል። ባለቡቲኩም አዲስ ዕቃ ሲያስገባ ነገሩ ገባው። ልብስ አልበቃ ያለው ደንበኛ ፊቱን ሲያጨማድድ ከእንግዲህ አይከራከርም፤ በአገጩ ያመለክታል። «ማዶ ይሰፋል።» ለገዢም ለሻጭም እንዲህ ያለ እፎይታ የለም።

ልጅቷ ክረምቱ ሲወጣ ሻንጣ ይዛ መጣች። ንግግሯን አጥንታው ነበር። «እማዬ፣ እንደተነጋገርነው፣ መቼም አንቺን ለማስከፋት አይደለም፣ ጤናሽም አለ፣ ዕድሜም አለ፣ ሰውስ ምን ይላል፣ እኔም ሳስበው ሳስበው…»

እናትየዋ ስፒሎቹን አወጣች። «ቀንሺ» አለቻት።

ልጅቷ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተሰቀለውን ልብስ አየች። የእናቷን እጆች አየች፤ ሲሠሩ ካየቻቸው ቆይታ ነበር። ሻንጣውን በሩ ሥር አስቀመጠችና መጥታ የሱሪውን እግር ያዘችላት።

ልብስ ሰፊዋ ግን ደስታዋ ሙሉ አልነበረም። በሩ ላይ ቆሞ ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ጎደላት። ሰው ሲመክርህ ትሰለቸዋለህ፤ ሲቀር ደግሞ ዝምታው ይጨንቅሃል። ጠይቃ ጠይቃ የተከራዩትን ክፍል አገኘች። ጋሽ ቀንስ ኮታቸውን እንደለበሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጠፉብን፣ ጋሼ።»

«በምን ፊቴ ልምጣ? ቃሉ ሲጠብቅ ሥራሽ ነው፤ ሲላላ የሰው ቤት ማፍረስ ነው። አራሚ ነበርኩ እኮ። ጎረቤት ሁሉ ያየውን እኔ አላየሁትም። ልብስ የሚለውን ይተዉልኝ ብለሽኝ ነበር። ጨምሪው። ቀለሙን እኔ እችላለሁ።»

ጨምሪ። ከዚያ አፍ ይህ ቃል ይወጣል ብሎ ያሰበ የለም።

«አይጨመርም» አለች። «የላላውም የጠበቀውም የመጣው ወደ እኔ ነው፤ ልብስም እንደዚያው ነው። እርስዎ ባይመጡ ዛሬ እዚያ ወንበር ላይ ነበርኩ። ይልቅ ኮትዎን ያውልቁ።»

«ለምን?»

«ክርኑ አልቋል። ኪሱም ተቀዷል፤ ብዕርዎ የወደቀ ዕለት ምን ሊሆኑ ነው?»

እያንገራገሩ አወለቁ። ኮቱን በክንዷ አጣጥፋ «ሲደርስ መጥተው ይውሰዱ» ብላ ወጣች። አላመጣችላቸውም፤ አልላከችውምም። ብርድ ብርድ ሲላቸው ይመጣሉ ብላ ነው።

መጡም። ኮቱ ደጅ፣ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ክርኑ ተጠግኗል፤ ቀዩ ብዕር አዲስ በተሰፋው ኪስ ውስጥ ነው። መስኮቱ ሥር፣ ከመኪናው ጎን፣ ትንሽ ጠረጴዛና ወንበር ተቀምጧል። ከበሩ በላይ ደግሞ፣ ከትልቁ ቃል ሥር፣ በተረፈው ቀይ ቀለም፣ በልብስ ሰፊዋ በራሷ እጅ ጠመም ጠመም ብሎ የተጻፈ አዲስ መስመር አለ። ጋሽ ቀንስ ስለ ራሳቸው መጻፍ ያቃታቸውን ማስታወቂያ እሷ ጽፋላቸዋለች።

«ጽሑፍም ይጠባል።»

አራት ነጥቡንም አልዘለለችው።

ጋሽ ቀንስ ቆሙ፤ አነበቡ። አጥብቀው ሲያነቡት ሥራቸው ነው፤ ሰፊ የሆነ ጽሑፍ እዚህ ይጠባል። አላልተው ሲያነቡት ጡት የሚጠባ ጽሑፍ ነው። ይህን ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ ከማዶ ብቅ ብሎ፣ «ጋሽ ቀንስ፣ ሞግዚትነት ጀመሩ እንዴ?» አላቸው።

እጃቸው ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ። ብዕሩን አወጡት። ልብስ ሰፊዋ ስፒል የሞላ አፏን ገጥማ በመስኮት ታያቸዋለች፤ ፈርታለች። መስመሩን እንደሚሰርዙት እርግጠኛ ነበረች። አንዲት ስሕተት አይቶ ያለፈ እጅ አይደለማ።

ጋሽ ቀንስ ብዕሩን ይዘው ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። ከዚያ መልሰው ከኪሱ ከተቱት፤ ኮቱን ለበሱት፤ ገቡ።

«እህቴ» አሉ፣ «ከዚህ ላይ አንዲት ነጥብ እንዳትቀንሺ።»

«እምም» አለቻቸው።

ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳብ አድርገው ተቀመጡ።